ብርሃን የሚበላው ሥዕል

አረንጓዴ ቅጠል ስናይ የምናየው ምንድን ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱም ከደጅ የሚገኝ ይመስላል፦ ቅጠሉን ነዋ! ነገር ግን ዓይናችን ቅጠሉን አይነካውም። ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ከቅጠሉ ላይ ተመላሽ የሆነ ብርሃን ነው። ቅጠል ከፀሐይ ከሚወርድለት ብርሃን ቀዩንና ሰማያዊውን አጥብቆ ይይዛል፤ ከአረንጓዴውም ብዙውን ይጠቀምበታል፤ ሆኖም ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያመልጠው አረንጓዴው ነው። እንግዲህ ልምላሜ እያልን የምናደንቀው፣ በዘፈን የምናወድሰው፣ በባንዲራ ላይ ያሰፈርነው ቀለም ተክሉ ተመግቦ የተረፈው ነው ማለት ነው። የተክሉ ሕይወት የተሠራበት ብርሃን ቅጠሉ ውስጥ ቀርቷል፤ ስኳር ሆኗል፣ እንጨት ሆኗል፣ እኛ አላየነውም፤ ልናየውም አንችልም። ያየነው ፍርፋሪውን ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሰዎች ተፈጥሮን እንዲያስተውሉ በማለት ተክልን ለእይታ የሚያቀርበው የዘመናችን ሥነ ጥበብ ገና ከመነሻው አንድ ጭንቅ ተሸክሟል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይን ያየው ፍርፋሪውን ብቻ ከሆነ ግን ልብ በምን ላይ ይፈርዳል?

ይህን ጭንቅ ከሌሎች ይልቅ ፊት ለፊት የገጠሙት እንግሊዛውያኑ ሠዓሊያን ሄዘር አክሮይድና ዳን ሃርቪ ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን ውስጥ የአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ሣር አብቅለው ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆየ መሰላል ሲነሣ ቅርጹ በሣሩ ላይ ታትሞ ቀርቶ አገኙት። መሰላሉ የከለለው ሣር ገርጥቷል፤ ያልከለለው ለምልሟል። ከዚያ ወዲህ ሣርን እንደ ፎቶግራፍ ወረቀት ይጠቀሙበታል። ሰፊ ሰሌዳ በሸክላ ጭቃ ይለቀለቃል፤ የሣር ዘር ይለጠፍበታል፤ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክፍሉ ይጨልምና የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ኔጋቲቭ በፕሮጀክተር ይበራበታል። ቡቃያው የሚያገኘው ብርሃን ያ ብቻ ነው። ብዙ የደረሰው ክሎሮፊሉን፣ ማለትም አረንጓዴ ቀለሙን፣ አብዝቶ ይጠቁራል፤ ጥቂት የደረሰው ይደበዝዛል፤ ምንም ያልደረሰው ቢጫ ሆኖ ያድጋል። ከቀናት በኋላ በግድግዳው ላይ የሰው ፊት ይወጣል፤ የፊቱ ቀለም የተቀባ ሳይሆን የበቀለ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሚበራው ብርሃኑና ጥላው የተገለበጠበት ኔጋቲቭ በመሆኑ፣ በተጠናቀቀው ምስል ላይ ጥቁር የሚሆነው፣ ማለትም የዓይን ብሌኑ፣ የአፍንጫው ጥላ፣ ፀጉሩ፣ ብርሃን በብዛት የወረደበት ሥፍራ ነው። ፈክቶ የሚታየው ግንባርና ጉንጭ ደግሞ ብርሃን የተነፈገው ሣር ነው። ጥላው የጠገበው፣ ወገግታው የተራበው ነው። እኛ ብሩህ ፊት ስንል የተባረከ ፊት ማለታችን ነው፤ ጨለማን ከክፉ፣ ብርሃንን ከበጎ ጋር ማቆራኘት በአነጋገራችንም በጸሎታችንም ሥር ሰድዷል። በሣሩ ምስል ግን ብሩህ የምንለው ሥፍራ የረሃብ ሥፍራ ነው። ምስሉን ለሚያየው ዓይን ብርሃኑ ያለው ጉንጩ ላይ ነው፤ ምስሉን ለሠራው ሣር ብርሃኑ የነበረው በጥላው ውስጥ ነው። ከሁለቱ የተሳሳተ የለም፤ ስለ አንድ ብርሃን ግን እየተናገሩ አይደለም። ዓይን የሚናገረው አሁን ተመልሶ ስለ መጣለት ብርሃን ነው፤ ሣሩ የሚናገረው ቀድሞ ስለ ዋጠው ነው። ተመልካቹ ይህን አውቆ እንደገና ቢያይ ፊቱ አይለወጥበትም፤ አንድም መስመር አይጨመርም፣ አይቀነስም። የሚለወጠው ትርጉሙ ነው፤ ውበት ብሎ ያደነቀውን ሁሉ እጦት ብሎ ለማንበብ ይገደዳል። ስለዚህ ልብ በምን ላይ ይፈርዳል ብዬ ቅድም ለጠየቅሁት የመጀመሪያው መልስ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ተክሉ የበላውን ብርሃን ማየት ባንችልም፣ በበላውና ባልበላው መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይቻላል። ሥዕሉ ያ ልዩነት ነው።

ተጠራጣሪ አንባቢ ግን ዝም አይልም። ይህ ሁሉ ለሰው መልክ ሲባል አይደለም ወይ? ግማሹን ሣር አስርቦ የተሠራ ፊት ስለ ምድር ተቆርቋሪ ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥርጣሬ ቶሎ ማባረር አልፈልግም፤ ምክንያቱም ሥራው ራሱ አያባርረውም። ምስሉ የሰው ፊት ባይሆን፣ ክብ ወይም መስመር ቢሆን፣ የሣሩ ረሃብ ያው ነበር፤ የሰው ፊት መሆኑ ግን ክሱን ያከብደዋል። ምድርን የራሳችንን መልክ እስክትይዝ ድረስ ማስራብ የዘመናችን ታሪክ ነውና። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከአንድ ነገር ላይ ሳይወስድ የተሠራ ሥዕል የት አለ? የብራናው ቅዱስ የተሣለው በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ ብራናው ፍየሉን አስረስቶናል፤ ድርሳኑን የሚያነብ ካህን ስለ ፍየሉ አያስብም፤ ማሰብም አይጠበቅበትም። የሣሩ ምስል ግን ማስረሳት አይችልም። ክፍሉ ሣር ሣር ይሸታል፤ ምስሉ በየቀኑ ይለወጣል፤ የወሰደውን ነገር ራሱን ቀለም አድርጎ አቁሞታል። ራሱን የሚከስ ሥራ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ከሚደብቀው ግን ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የቤቱ ነው። ቤተ መዘክር ከብርሃን የሚሸሽ ቤት ነው። በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች የተለመደው የብርሃን ወሰን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። (የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በመጋረጃ የምትሸፍነው ለሌላ ዓላማ ቢሆንም፣ ቀለሙ ሳይጠቀም አልቀረም።) ለወረቀቱ ዕድሜ የሆነው ጨለማ ለቅጠሉ ሞት ነው። ተክልን ሥዕል አድርጎ ወደዚህ ቤት ማስገባት ጊዜን ለማስቆም በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ያለ ጊዜ መኖር የማይችለውን ፍጥረት ማስቀመጥ ነው። አክሮይድና ሃርቪም የሣር ምስሎቻቸው እየጠፉባቸው ተቸግረዋል። መፍትሔው የመጣው ከዌልስ ነው፤ አበሪስትዊዝ ያሉ የሣር ተመራማሪዎች አርጅቶም ቢሆን አረንጓዴነቱን የማይለቅ ሣር ነበራቸው። ቅጠል ሲያረጅ ቢጫ የሚሆነው ስለተበላሸ ብቻ አይደለም፤ ክሎሮፊሉን ራሱ እያፈረሰ፣ ያለውን ሀብት ሰብስቦ ወደ ቀሪው አካሉ እየመለሰ ነው። የዌልሱ ሣር ይህን ማፍረስ የማይችል ነው። ለሥዕሉ ዕድሜ የሰጠው እንግዲህ የሣሩ ጉድለት ነው፤ መልቀቅ አለመቻሉ ነው። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም ወደ ልቤ የሚቀርቡት የጠፉት ምስሎች ናቸው። የተክል ሥዕል ከተክል ይልቅ ሥዕል መሆን የጀመረው፣ ዕድሜውን ለማርዘም የተነሣን ዕለት ይመስለኛል።

የሚጠፋ ምስል ስል ከሣሩም የቆየ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1842 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሰር ጆን ኸርሼል የአበባ ጭማቂን እንደ ፎቶግራፍ ቀለም ሞከረ። አበባ ይወቀጣል፤ በአልኮል ይበጠበጣል፤ ጭማቂው ወረቀት ይቀባል፤ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ይደረብበትና ፀሐይ ላይ ለቀናት፣ ለሳምንታት ይሰጣል። የተከደነው ቀለሙን ይዞ ይቀራል፤ የተገለጠው ይነጣል። ሳይንቲስቷ ሜሪ ሶመርቪልም በተክል ጭማቂዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጋ ውጤቷን ለኸርሼል በደብዳቤ ጽፋለታለች። ዘዴው ግን አንድ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም አለበት፤ ምስሉን የሚያጸናው ነገር የለም። የሣለው ብርሃን መሣሉን አያቆምም። ምስሉ ከጨለማ ሲወጣ ሁሉ ጥቂት እየነጣ፣ እየነጣ ሄዶ ወረቀት ብቻ ይቀራል። ኸርሼል በዚያው ዓመት በብረት ጨው የሚሠራውን ሰማያዊ ኅትመት ፈለሰፈ፤ እሱ ጸንቷል። የዕፅዋት ተመራማሪዋ አና አትኪንስ ከ1843 ጀምሮ የባሕር አረሞችን ያተመችባቸው ሰማያዊ ገጾች ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ። የአበባው ዘዴ ተረሳ፤ ለሳይንስ ምን ይጠቅማል? የሚገርመው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የዘመናችን ሠዓሊያን ተመልሰው ያነሡት ይህንኑ የተጣለውን መሆኑ ነው። ሳይንቲስቱ ውድቀት ያለውን ሠዓሊው ለምን ፈለገው?

የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ በአበባው ምስል ፊት ተመልካች እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ማየት አይከለከልም እንላለን፤ ማየት ከነገሩ ላይ ምንም አይቀንስም ብለን ስለምናምን ነው። ተራራውን ብናየው ተራራው ያው ነው፤ ገበያ ወጥተን ዕቃ አይተን ብንመለስ ነጋዴው አልከሰረም። የአበባው ምስል ግን ባየነው ቁጥር ይቀንሳል፤ እናይበት ዘንድ ያበራነው መብራት እሱን እየበላው ነው። እኔ ካየሁት የሚቀጥለው ሰው የሚያየው ያነሰ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ንቃት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ዕውቀት ነው፤ ደን እየተመናመነ፣ አየር እየሞቀ መሆኑን ማወቅ። ይህንን ግን ማን ያላወቀ አለ? የግንዛቤ ማስጨበጫ ባነር ያልተሰቀለበት የስብሰባ አዳራሽ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። የጎደለው ነገሩ እየጠፋ መሆኑን ማወቅ አይደለም፤ በመጥፋቱ ውስጥ የራስን ድርሻ ማወቅ ነው፤ ያውም ክፉ በሠሩበት ሰዓት ሳይሆን በወደዱበት፣ ባደነቁበት ሰዓት ያለውን ድርሻ። የአበባው ምስል ይህን ሳይሰብክ ያደርገዋል። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ጭንቅ ይወልዳል። ማየት ማጥፋት ከሆነ፣ ፍጹም የነቃው ተመልካች ምስሉ ያለበትን መሳቢያ የማይከፍተው ነው። ማንም ያላየው ሥዕል ደኅና ነው፤ ደኅንነቱ ግን ለማን? ለዚህ ጭንቅ ያለኝ መልስ ከሎጂክ ይልቅ ከምግባር የሚቀዳ ነው። የሚጾም ሰው ምግብን አይጠላም፤ ማዕድን ያከብራል፣ ጊዜውንና መጠኑን ያውቃል። ዓይንም ጾም ያለው ይመስለኛል። ይህ ለጭንቁ መፍትሔ አይሆንም፤ ከጭንቁ ጋር መኖሪያ ዘዴ ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው ሥራዎች ሁሉ ግን እንድናያቸው የቀረቡ ናቸው። እንዳይታዩ ሆነው የተሳካላቸውስ? ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሰል ከተማ ውስጥ ለሰባተኛው ዶኩሜንታ ዐውደ ርእይ 7,000 የባዛልት ድንጋዮችን በቤተ መዘክሩ ፊት ከመረ። ከክምሩ አንድ ድንጋይ የሚነሣው በከተማዋ አንድ ዛፍ ሲተከልና ድንጋዩ ከጎኑ ሲቆም ብቻ ነው። ክምሩ ሲያልቅ ሥራው አለቀ፤ ያለቀውም በ1987 ነው፤ ቦይስ ከዚያ በፊት በ1986 ሞቷል። በመጀመሪያ ድንጋዩ ችግኙን ይበልጠው ነበር፤ ዛሬ ዛፉ ድንጋዩን እግሩ ሥር ጥሎታል። የዚህ ሥራ አስደናቂነቱ ከዛፉ ሥር የሚያልፈው ሰው የሥነ ጥበብ ሥራ ውስጥ መሆኑን ማወቅ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ጥላው ለማያውቀውም ጥላ ነው። ሠዓሊው ኦላፉር ኤሊያሰንም ከእይታ ወደዚህ ዓይነቱ ነገር የተጓዘ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን፣ ቴት ሞደርን ቤተ መዘክር ውስጥ ያቆማትን ሰው ሠራሽ ፀሐይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቷታል፤ ሰዉ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ያያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከኢንጂነር ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር ሆኖ በእጅ የምትያዝ፣ በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ መብራት አወጣ። ቅርጿ ከእኛው የመስቀል አበባ የተቀዳ ነው፤ መብራት ላልደረሰባቸው ቤቶች ከታሰበችባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። የመጀመሪያዋን ፀሐይ ሰው ራሷን ያያታል፤ በሁለተኛዋ የሚያየው ደብተሩን ነው። ብርሃን ሥራውን በትክክል ሲሠራ አይታይም፤ የሚታየው ሌላው ነው። ሁለተኛዋን ሥነ ጥበብ አይደለችም የሚል ተቺ ቢመጣ አልከራከረውም፤ ቅጠል ቀን የተቀበለውን ለሌት እንደሚያቆይ ሁሉ እሷም ታቆያለች፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ሳይታዩ ማገልገል የሚለው ይህ ሐሳብ ግን ወደ ጫፉ ሲገፋ ሥነ ጥበቡን ራሱን ያሰጋል። ከደቡብ ጎንደር ሰማይ ላይ ወደ ታች ቢታይ በታረሰው ምድር መካከል ክብ ክብ ሆነው የቆሙ ጥቁር አረንጓዴ ደሴቶች አሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናት አጸዶች ናቸው። የደን ሳይንቲስቱ ዓለማየሁ ዋሴ ለዓለም ያስተዋወቃቸው፣ ስኮትላንዳዊው ኪራን ዶድስ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ያነሣቸው እነዚህ ደኖች ናቸው። ፎቶግራፎቹ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ካህናትና ምእመናን ደኑን ለዘመናት የጠበቁት ያን እይታ ሳያዩ ነው። እነሱ ዓይናቸውን የጣሉት ታቦቱ ላይ ነው፤ ዛፉ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ፣ የመቃብሩ ጥላ፣ የባሕታዊው መጠለያ ነበር። ዛፉን ያዳነው ዛፉን ያላየ ዓይን ነው። ይህ ከሆነ ተክልን የእይታ ማዕከል ማድረግ ራሱ ከተክሉ ላይ አንድ ከለላ መግፈፍ አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም፤ ከዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። ሆኖም ቅድስናን በፕሮጀክት ማምጣት አይቻልም፤ የሌለውን ሰው እንዲኖረው ማዘዝም አይቻልም። ከዚህም በላይ አጸዶቹ ራሳቸው ከጠርዛቸው እየተበሉ መጥተዋል፤ ከብት ይገባባቸዋል፣ እርሻ ይገፋቸዋል፤ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ማኅበረሰቡ የድንጋይ አጥር ያጠረው በቅርቡ ነው። አጥር ለማጠር ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ጠርዙን ማየት ነበረበት። ሳያዩ መጠበቅ የተቻለበት ዘመን ሲያልፍ፣ ማየት ግዴታ ይሆናል፤ ደስ ስለሚል አይደለም፣ ሌላው መንገድ ስለተዘጋ ነው።

እንግዲህ ማየት ብቻውን ማስተዋል አይደለም፤ ማየት የማያስፈልግበት ቦታ ላይ መድረስም የእኛ ዘመን ዕድል አይደለም። በመካከል የሚቀረው ከእይታው በኋላ ያለው ሥራ ነው። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያለው፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ዞማ ቤተ መዘክር ደስ የሚለኝ በዚህ ነው፤ በጭቃና በጭድ የተሠራው ግድግዳ መለቅለቅ፣ ጓሮው መኮትኮት ስላለበት ሥራው አልቆ አያውቅም። ከእይታው በኋላ ያለው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ሁላችንም ፎቶግራፎቹን አይተናል፤ ጉድጓዱ ፊት የተንበረከከ፣ ወደ ካሜራው ቀና ያለ ሰው። የተከለው ይታወቃል፤ ያጸደቀው ግን ፎቶ አልተነሣም። ሠዓሊያኑም ከዚህ አያመልጡም፤ በመክፈቻው ምሽት ለምልሞ በመዝጊያው ሳምንት የጠወለገ ተክል ያየሁባቸው ዐውደ ርእዮች አሉ። ስለዚህ ሕያው ተክል ይዛችሁ አዳራሽ ለምትገቡ ሠዓሊያንና ለጋለሪ ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ከሥራው ጎን በምትለጥፉት ወረቀት ላይ ከርእሱ፣ ከዓመቱና ከተሠራበት ነገር ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ተክሉ ከማን ዘንድ እንደሚሆን ስሙን ጻፉ። እኔ ከሥዕሉ በፊት የማነብበው ያንን ነው።